ሐረርን በሁለት ቀን ለማየት፦ መጀመሪያ ቤት፣ ከዚያ ሙዚየም

ሐረር የገባ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራት ስህተት አንዲት ናት። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ከባጃጅ ወርዶ በቀጥታ ወደ ሙዚየም ያመራል፤ መስታወት ውስጥ የተቀመጡትን ስፌቶች፣ የብር ጌጦችና ጥቁር የእንጨት ገበታዎች አይቶ "ያምራል" ብሎ ይወጣል። ስፌቱ ግድግዳው ላይ የት እንደሚሰቀል፣ ገበታው ለማን እንደሚቀርብ ስላላወቀ ግን ያየው ዕቃ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ፣ ማለትም መጀመሪያ ሰው የሚኖርበት የሐረሪ ቤት ታይቶ ወደ ሙዚየም ሲኬድ፣ ያው ዕቃ ይናገራል። የምናቀርበው የሁለት ቀን መንገድ የተቀየሰው በዚህ ሐሳብ ነው።

መድረስ

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣ ሰው 500 ኪሎ ሜትር ከዚያም በላይ ይጓዛል፤ ሙሉ ቀን ይፈጃል። መነሻው ከንጋት በፊት ስለሆነ ትኬቱን ከዋዜማው መግዛት ግድ ነው። በአውሮፕላን ወይም በባቡር ከሆነ መውረጃው ድሬዳዋ ነው። ከድሬ ሐረር 54 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሚኒባሱ በደንገጎ ዳገት ጠመዝማዛ ላይ ሲወጣ ሙቀቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ጆሮም ይደፈናል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ድሬ ላይ በሸሚዝ ያላበው ሰው ሐረር ማታ ሹራብ ይፈልጋል። የመንገዱን ደኅንነት በተመለከተ ከመነሳትዎ በፊት በነበረው ቀን ከሾፌሮች ወይም ከሚያርፉበት ሆቴል ይጠይቁ፤ የወር ወሬ አይጠቅምም።

ማረፊያ ሲመርጡ ሁለት ምርጫ አለ። ከግንቡ ውጭ ያለው አዲሱ ከተማ ሆቴል ይበዛበታል፣ መኪናም በር ድረስ ይደርሳል። ጀጎል ውስጥ፣ ማለትም በግንቡ በተከበበው አሮጌው ከተማ፣ ደግሞ አንዳንድ ሐረሪዎች የገዛ ቤታቸውን ለእንግዳ አከራይተው ያሳድራሉ። ጀጎል ማደር ይሻላል ባዮች ነን፤ ግን ሻንጣዎ ጎማ ያለው ከሆነ እናዝንልዎታለን፤ ጠባቡ የድንጋይ መንገድ ለጎማ አይሆንም፣ በትከሻ የሚያዝ ቦርሳ ነው የሚያዋጣው።

የበሮቹን ስም አስቀድሞ ማወቅ

እንግዳ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በመንገዱ ሳይሆን በስሙ ነው። የጀጎል ግንብ ጥንታዊ በሮች አምስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ግን ሁለት ስም አላቸው፣ አንድ በሐረሪ፣ አንድ ባጃጅ ነጂው በሚያውቀው። ሸዋ በር በሐረሪ አስማዲን በሪ ነው፤ ፈላና በር አሱም በሪ፤ ኤረር በር አርጎብ በሪ፤ ሰንጋ በር ሱቁታት በሪ፤ ቡዳ በር ደግሞ በድሪ በሪ ይባላል። ስድስተኛው፣ ሐረር በር የሚባለውና ዋናው አስፋልት የሚገባበት፣ ከአምስቱ በኋላ የተከፈተ ነው። "በሪ" በር ማለት እንደሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ መንገር አያስፈልግም። ሰው ሲቀጥሩ በየትኛው ስም እንደተቀጣጠሩ ያረጋግጡ፤ "አስማዲን" ያለው ሐረሪና "ሸዋ በር" የሚያውቀው ሾፌር አንድ ቦታ እያወሩ ላይገናኙ ይችላሉ።

ግንቡን ያሠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነገሡት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው፤ የኢማም አሕመድ ኢብራሂም መሞት ካስከተለው የጦርነት ዘመን በኋላ መሆኑ ነው። ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ አራት ሜትር ያህል ነው። ግንቡን ሙሉ ለሙሉ መዞር ይቻላል፤ እኛ ግን አንመክርም። ከፊሉ በሰፈርና በገበያ ተሸፍኗል፣ ከፊሉ ለፀሐይ የተጋለጠ ነው። ከኤረር በር እስከ ሰንጋ በር ያለውን በውጭ በኩል መሄድ ይበቃል። እግረ መንገድዎን ግንቡ ሥር ያሉትን ዝቅተኛ ቀዳዳዎች ይፈልጉ፤ ወራባ ኑዱል ይባላሉ፣ "የጅብ ቀዳዳ" እንደማለት። ጅቡ ማታ በዚያ ገብቶ የከተማውን ጥራጊና አጥንት ለቅሞ ይወጣል።

የመጀመሪያው ጠዋት፦ ጌይ ጋር

ሐረሪዎች ከተማቸውን "ጌይ" ይሏታል፣ ቋንቋቸውን "ጌይ ሲናን"፣ ቤታቸውን "ጌይ ጋር"። ከጠዋቱ 2:30 ገደማ በአንድ ጌይ ጋር ይጀምሩ። ሁለት መንገድ አለ፦ በኤረር በር አቅራቢያ ያለው አዳ ጋር የተባለው የባህል ማዕከል፣ ወይም እንግዳ የሚቀበል የግል ቤት። አዳ ጋር ለፎቶ ይመቻል፣ ማንንም አይረብሹም። የግል ቤቱ ግን ሕይወት አለው፤ ሽንኩርት ሲጠበስ ይሸታል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይመጣል። የግል ቤት ለመግባት ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ይያዙ። ዋጋውን ሲነጋገሩ አራት ነገር በግልጽ ይጠይቁ፦ ለግማሽ ቀን ነው ወይስ ለሙሉ ቀን፣ በሰው ነው ወይስ በቡድን፣ የመግቢያ ክፍያ ተጨምሮበታል ወይ፣ የማታው ጅብ ማብላትስ? ከእነዚህ አንዱ ሳይጠየቅ ከቀረ ማታ ላይ ንትርክ ይሆናል።

ግቢው በር ላይ ጮክ ብሎ "ቤቶች" ማለት፣ ጫማ ማውለቅ፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ዋናው ክፍል ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ቀዩ ነው፤ ወለሉና መደቦቹ በቀይ አፈር ቀለም የተቀቡ ናቸው። ቀዩ በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል፤ ጦርነቱ ጥር 1879 ዓ.ም. ምኒልክ የመጨረሻውን አሚር፣ አሚር አብዱላሂን፣ ድል ያደረጉበት ነው።

መደቦቹ "ነደባ" ይባላሉ፤ አምስት ናቸው፣ ከፍታቸውም የተለያየ ነው። ቤቱን የሚያስነብቡት እነሱ ናቸው። አሚር ነደባ የቤቱ ጌታና የክብር እንግዳ ቦታ ነው፤ በሩን ፊት ለፊት የሚያይ ስለሆነ የሚገባውን ሰው ቀድሞ ያያል። ጊዲር ነደባ ትልቁ መደብ ነው፣ ብዙ ሰው ይይዛል። ጢት ነደባ ትንሹ ነው። ገብቲ ኤኸር ነደባ ከበሩ ኋላ ነው፣ ሱትሪ ነደባ ደግሞ ከእይታ የተሸሸገው። ሰው የት እንደሚቀመጥ ክብሩ ይወስናል። ስለዚህ "ቁጭ በሉ" ካልተባሉ አሚር ነደባ ላይ አይውጡ፤ አስተናጋጅዋ በፈገግታ ታልፈዋለች፣ አስጎብኚው ግን ያፍራል።

ከመደቡ ወደ ግድግዳው ዓይንዎን ያንሱ። ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩ መደርደሪያዎች አሉ፤ ሲኒው፣ ሳህኑ፣ ቁርዓኑ የየራሱ ስፍራ አለው። ከበላያቸው ስፌቶች በጥንድ በጥንድ ተሰቅለዋል። ስፌቱ የቤት ማስጌጫ ብቻ አይደለም፤ ለሠርግ፣ ለአማት፣ ለለቅሶ እየተለየ የሚወጣ ነው፣ ሴት ልጅም ከማግባቷ በፊት መስፋት ትማራለች። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተጋድሞ ካዩ፣ ቤቱ ውስጥ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ያላገባች ልጅ አለች ማለት እንደሆነ ይነገርዎታል። ከጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ቂርጣት ናት፤ ሙሽሮች የጫጉላ ቀናቸውን እዚያ ያሳልፉ ነበር፣ ምግብም ሳይወጡ ይቀበሉ ነበር። አንድ ደቂቃ ውስጧ ቆመው ይዩ፤ ትንሽነቷ በቃል አይገለጽም።

ለቤቱ ባለቤት የሚሰጠውን ገንዘብ አስጎብኚውን አስቀድመው ጠይቀው በእጅዎ ያዘጋጁ፤ ስፌት ወይም ቅመም ከገዙም ደስ ይላቸዋል። ዝርዝር ብር ይያዙ። ጀጎል ውስጥ ትልቅ ኖት የሚዘረዝር ማግኘት ቀላል አይደለም፣ ለሙዚየም መግቢያም ለባጃጅም ይህ ችግር ይከተልዎታል።

ሁለቱ ሙዚየሞች፣ ከ4:00 እስከ 6:00

ሁለቱም ተቀራራቢ ናቸው፤ ከፈረስ መጋላ ወደ ትልቁ ገበያ ወደ ግዲር መጋላ በሚወስደው መኪና ግርግር በኩል ነው የሚገባው። መኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከሲንጀሮቹ ጩኸት ነው። ጠዋት ጨርቅ ሰጥተው ማታ ቀሚስ መቀበል ይቻላል፤ መለኪያው በዓይን ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይገጥማል።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያዩ ከሆነ ሸሪፍ ሙዚየምን ይምረጡ። ያለው ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው፣ በእንጨት ቅርጽ ባጌጠው የቆየ ሕንፃ ውስጥ ነው። የአንድ ሐረሪ ሰብሳቢ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው፤ የእጅ ጽሑፎች፣ ሐረር ራሷ ትመታቸው የነበሩ ሳንቲሞች፣ ሰይፎች፣ የሴቶች ጌጥና አልባሳት፣ የድሮ የሙዚቃ ቅጂዎች አሉበት። ጊዜዎን የእጅ ጽሑፎቹ ክፍል ላይ ያጥፉ። ሐረር ቁርዓን የሚገለበጥባትና የሚደጎስባት ከተማ ነበረች፤ የቆዳ ድጉሱን ከውጭ ብቻ አይተው አይለፉ፣ ክዳኑ በስተግራ እንደ ፖስታ ታጥፎ ገጹን እንዴት እንደሚሸፍን ጠባቂው እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ከእንጨት ገበታ ጋር ለለመደ ዓይን ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። በእጅ መንካት የለም፤ ላብ ቀለሙን ያነሳዋል። ከጠዋቱ ጌይ ጋር በኋላ ስለሆነ የመጡት፣ ጌጡና ስፌቱ ጋ ሲደርሱ ማብራሪያ አያስፈልግዎትም።

የራምቦ ቤት ደግሞ በስሙ ያሳስታል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ በቡናና በቆዳ ንግድ ሐረር ገብቶ፣ ሄዶ ተመልሶ፣ በ1891 እግሩ ታሞ በሰው ሸክም ወጣ፤ በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ ሞተ። አሁን በስሙ የሚጠራው ባለፎቅ ቤት ግን እሱ ከሞተ በኋላ የተሠራ የነጋዴ ቤት ነው። "አልጋው የቱ ነው?" ብለው አይድከሙ። የሚገባበት ምክንያት ሌላ ነው፦ አንደኛ፣ የዘመኑ የሐረር ፎቶግራፎች፣ ራምቦ ራሱ ያነሳቸውን ጨምሮ፤ ሁለተኛ፣ ቀለም የተቀባው የላይኛው ፎቅ ጣሪያና ባለቀለም መስኮቶቹ፤ ሦስተኛ፣ ከላይ ሆኖ የሚታየው የጀጎል ጣሪያ። ጠዋት ከሄዱ ብርሃኑ በመስታወቱ ገብቶ ወለሉ ላይ ያርፋል።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ሙዚየሞች ለምሳ ይዘጋሉ፤ አርብ ደግሞ ለጁምዓ ሰላት እረፍቱ ይረዝማል። ከሰዓት በኋላ ዳግም የሚከፈት ቢሆንም በርጫ የሚቀመጥ ሰው የሚበዛበት ከተማ ነውና፣ ቁልፍ ያዡን ፍለጋ መዞር ይመጣል። ያለዎት አንድ ቀን ብቻ ከሆነና ያም ቀን አርብ ከሆነ፣ ሙዚየሞቹን ከ5:00 በፊት ይጨርሱ።

ከሰዓት በኋላ፦ ገበያና ቅዱሳን ስፍራዎች

ምሳ ከበሉ በኋላ ቁጢ ይሞክሩ፤ ከቡና ቅጠል የሚፈላ ነው፣ በወተትም ይጠጣል። ከዚያ ግዲር መጋላ። የሥጋ ተራው ላይ ወደ ላይ መመልከት ይልመዱ፤ ጭልፊቶች ከጣሪያ ተወርውረው ከእጅ ሥጋ ይነጥቃሉ። ሥጋ ይዘው ከወጡ በክንድዎ ሥር ያድርጉት። የግመል ሥጋ የሚሸጥበትም ይኸው አካባቢ ነው።

ፈረስ መጋላ ላይ ያለው የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ግብፆች ከተማዋን ይዘው በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885፣ ሠርተውት በነበረው መስጊድ ቦታ ላይ የቆመ ነው፤ የከተማዋ ታሪክ በአንድ ቦታ ላይ ተደራርቦ የሚታየው እዚህ ነው። ጃሚዕ መስጊድ ሁለት ሚናራ ያለው ትልቁ መስጊድ ነው፤ ሙስሊም ያልሆነ ጎብኚ ከውጭ ይመለከተዋል። የአሚር ኑር መቃብር በአረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው፣ ጉልላቱ ላይ እንደ ጃርት እሾህ ድንጋዮች ወጥተዋል። የሼህ አባድር ስፍራ ግን ለብቻው ጊዜ ይፈልጋል፤ ሐሙስ ማታ ዚክር (መንፈሳዊ ዝማሬ) ይደረጋል፣ ከበሮና የእንጨት ጭብጨባ አለ። ለመግባት ፈቃድ ይጠይቁ፣ ጫማ ያውልቁ፣ ሴቶች ፀጉር ይሸፍኑ፤ ቡና ወይም ዕጣን ይዞ መግባት የቆየ ወግ ነው። ካሜራ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ፤ "አንሱ" ካሏችሁ ብቻ።

በየመንገዱ ሰው ፎቶ ማንሳትም እንዲሁ። ሐምራዊና ሎሚ ቀለም ያለው ግድግዳ ፊት ለፊት የምታልፈዋ ሴት ለፎቶዎ ጌጥ አይደለችም፤ ይጠይቁ፣ እምቢ ካሉ ካሜራውን ዝቅ ያድርጉ። ግድግዳው ራሱ ግን ለማንም ክፍት ነው። ቀለሙ ከረመዳንና ከበዓላት በፊት ይታደሳል፤ ትኩስ ቀለም ማየት የፈለገ በሸዋል ኢድ ሰሞን ይምጣ። ይህ ከኢድ አልፈጥር በኋላ ስድስት ቀን ተጾሞ የሚከበር በዓል እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ጀጎል ራሱ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ2006 ነው። በሸዋል ኢድ ሰሞን አልጋ ቀድሞ ማስያዝ ያሻል።

ማታ፦ ጅብ

ጅብ የማብላቱ ሰዓት ከ12:30 እስከ 1:00 ባለው ጊዜ፣ ልክ ሲጨልም ነው። ቦታዎቹ ከግንቡ ውጭ ናቸው፤ ፈላና በር በኩል አለ፣ ሰንጋ በር በኩልም አለ። ከባጃጁ ጋር ደርሶ መልስና መቆያውን ጨምረው ይስማሙ፤ አድርሶ ከሄደ በጨለማ ዳገት መውጣት ነው። የባጃጁ መብራትም ለፎቶ ይጠቅማል።

አብላዩ ጅቦቹን በየስማቸው ይጠራል። እርስዎን ሊጋብዝ ይችላል፤ አጭር እንጨት ጫፍ ላይ ሥጋ ሰክቶ ይሰጥዎታል፣ ወይም በጥርስዎ እንዲይዙት ይጠይቃል። ቁልቁል ተንበርክከው፣ ክንድ ሳያወናጭፉ፣ ከእሱ ጎን ሆነው ይቆዩ። ስህተቱ የሚመጣው በሁለት ነገር ነው፦ ሰው ደንግጦ ሲሮጥ፣ ወይም በቦርሳው ምግብ ይዞ ሲመጣ። ከገበያ የገዙትን ሥጋ ሆቴል ጥለው ይምጡ። ትንንሽ ልጆችን ከአዋቂ ጋር፣ ከኋላ ያቁሙ። ዝናብ ከዘነበ ወይም ሰው ከበዛ ጅቡ ሊዘገይ ይችላል፤ ሃያ ደቂቃ ይታገሡ። በአሹራ ዕለት ደግሞ ለጅብ ቅቤ የገባበት ገንፎ ይቀርባል፤ አውራው በደንብ ከበላ ዓመቱ ይባረካል ተብሎ ይታመናል።

ሁለተኛው ቀን፦ ከከተማ ወጣ ብሎ

ግማሽ ቀን ያለው ወደ ባቢሌ ይሂድ። በጅጅጋ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሚኒባስ ከሐረር ይገኛል። ሰኞና ሐሙስ የግመል ገበያ አለ፤ ከእነዚህ ቀናት ውጭ ከሄዱ ሜዳ ብቻ ነው የሚያዩት። ገበያው ጠዋት ነው፣ ከ5:00 በኋላ ይበተናል። ከባቢሌ አልፎ ዳካታ ሸለቆ ውስጥ ግዙፍ ድንጋዮች አንዱ በሌላው ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ይታያሉ፤ ሚኒባሱ መንገድ ላይ እንዲያቆም ከሾፌሩ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፣ መመለሻ መኪናም ከመሸ አይገኝም።

ድንጋይ ቤትና ጸጥታ የሚወድ ደግሞ ወደ ኮረሚ ይሂድ፣ ከሐረር ደቡብ ምሥራቅ ያለች የአርጎባ መንደር ናት። የሐረር ቤቶች ዘመድ የሆነ አሠራር በድንጋይ ይታያል። መንገዱ ጥርጊያ ስለሆነ ባጃጅ አይወጣውም፤ ከፍ ያለ መኪናና አስጎብኚ ያስፈልጋል፣ ለአራት ሰው ከተካፈሉ ይቀላል።

ወደ አዲስ አበባ በመኪና የሚመለስ ሰው ቁልቢን ያልፋል። የቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ይነግሣል፤ በእነዚያ ቀናት አካባቢ መንገዱ በምዕመናን ይዘጋል፣ የሐረርና የድሬዳዋ አልጋም ይሞላል። በዓሉን ለማየት ካልሆነ በስተቀር ጉዞዎን ከእነዚህ ቀናት በሦስት ቀን ያርቁት። ከቁልቢ ወዲያ ደግሞ ጨለንቆ ነው። ቀዩን መደብ ላየ ሰው እዚያ አምስት ደቂቃ መውረድ ያስፈልገዋል።